ከጌት እስከ አስቀሎና፤ ባሕር፣ በዓልና ቤተሰብ



ወደ ኪርያት ጋት ከገቡ ገና አንድ ወር ያልሞላቸው አንድ አባት በመጀመሪያ የጠየቁን ስለ ቤት ኪራይም ሆነ ስለ ኡልፓን አልነበረም። «ልጆቼ፣ ይህች ጋት የምትሏት የጎልያድ አገር ጌት ናትን? ያች አሽቀሎን የምትሏትስ በመጽሐፍ የምናውቃት አስቀሎና ናትን?» ሲሉ ነበር የጠየቁን። እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች በአካባቢያችን ኮሌጅ ብዙ ነገር ተምረናል፤ ለዚህ ጥያቄ ግን መልሱን ጠይቀንና አንብበን ማግኘት ነበረብን።

አሽቀሎን በእርግጥም አስቀሎና ናት። ከተማችንም ስሟን ያገኘችው ከጌት ነው። በ1955 ስትመሠረት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጥንታዊቷ ጌት በአጠገባችን ባለው ጉብታ ላይ እንደነበረች ይታመን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን ጌት ከእኛ በስተሰሜን ተል ጻፊት በሚባለው ቦታ እንደነበረች ተስማምተዋል። ስሙ ግን እኛው ዘንድ ቀርቷል። ንጉሥ ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ባለቀሰው ልቅሶ፣ በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1፣ ጌትና አስቀሎና አብረው ተጠርተዋል፤ ጠላት ሰምቶ እንዳይደሰት ወሬው ከሁለቱም እንዳይደርስ ተመኝቷል።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና «ታዲያ ምን ያህል ይርቃል?» አሉን። በመንገድ ቁጥር 35 ወደ ምዕራብ ሲሄዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ገደማ። በዚያ በኩል ያለው ደግሞ ታላቁ የሜዲትራኒያን ባሕር ነው። ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ስለዚች አጭር መንገድ፣ በመንገዱም ላይ ስለሠራነው ስሕተትና ስለተማርነው ነገር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደስታ አልነበረም። የእኚሁ አባት የልጅ ልጅ የሆነ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በሰኔ ወር አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ለእናቱ ሳይናገር ወደ ባሕር ሄደ። የሄዱበት ቦታ ጠባቂ የሌለው፣ መዋኘትም የተከለከለበት የባሕር ዳርቻ ነበር። ልጁ በወንዝ ዋና ያውቅ ስለነበር አልፈራም። ሆኖም ወደ ጥልቁ የሚጎትት የውሃ ጅረት ይዞት ወጣ። በዚያ ዓሣ ያጠምድ የነበረ አንድ ሰው ደርሶ ባያወጣው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ይሆን ነበር።

እናቱ ይህን የሰሙት ከአራት ቀን በኋላ ከሌላ ልጅ እናት ነው። ወደ ቢሯችን ሲመጡ ልጃቸውን ለመክሰስ አልነበረም። «ወንዝ ቢሆን ኖሮ አውቀው ነበር» አሉን። «የት ላይ ጥልቅ እንደሆነ፣ ደራሽ መቼ እንደሚመጣ፣ ልብስ የት እንደሚታጠብ፣ ልጅ የት እንደሚከለከል አውቃለሁ። ባሕሩን ግን አላየሁት። ያላየሁትን ነገር እንዴት አድርጌ ልከልክለው?»

ይህ ቃል ከልባችን አልወጣም። በአገራችን መንገድ የሚያሳይ ወላጅ ነበር። እዚህ ግን ልጁ ቋንቋውን አስቀድሞ ይይዛል፤ አውቶቡሱን ያውቃል፤ ደብዳቤ ያነባል። ወላጅ ከኋላ ይቀራል። የማያውቁትን ነገር «አትሂድ» ብቻ ማለት ደግሞ ልጁን ከመሄድ አያግደውም፤ እንዲደብቅ ብቻ ያስተምረዋል። ስለዚህ ቤተሰቦች አንድ ላይ ሆነው ባሕሩን የሚያዩበት ጉዞ ለማዘጋጀት ወሰንን።

ስሕተታችን እዚህ ላይ ነው። በችኮላ አውቶቡስ ተከራየን፤ ቀን ቆረጥን፤ በየቤቱ እየዞርን ነገርን። ሁሉም በትሕትና «እሺ» አሉን። በቀኑ ግን ሃምሳ ሰው የሚይዘው አውቶቡስ ዘንድ የመጡት ዘጠኝ ልጆች ብቻ ነበሩ። እኛም በመካከላችን «ሽማግሌዎቹ ባሕር ፈርተው ነው» ተባባልን። እንዲያውም ፍርሃታቸውን እንዴት እንደምናስወግድ ስብሰባ ልንቀመጥ ነበር። በኋላ ያንን አባት ለመጠየቅ ወደ ቤታቸው ስንሄድ፣ ወንበር አስቀርበው፣ ውሃ ሰጥተው ካስተናገዱን በኋላ ቀስ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁና ልናሳፍራችሁ አልፈለግንም። ኢየሩሳሌም በፈረሰችበት ወር፣ በጾም ቀን፣ ውሃ ልንጫወት እንሄዳለን?»

የቆረጥነው ቀን በአብ ወር ከመባቻው እስከ ዘጠነኛው ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። በአገራችን ቤተ እሥራኤል ለኢየሩሳሌም ጥፋት በአምስተኛው ወር ብዙ ቀን ይጾሙ ነበር። እዚህ አገርም ቢሆን በብዙ ማኅበረሰቦች ዘንድ ሃይማኖት የሚጠብቁ ሰዎች በእነዚያ ቀናት ለመዝናናት ወደ ባሕር አይወርዱም። ፍርሃት ያልነው ነገር ሃይማኖት ነበር። አላዋቂዎቹ እኛ ነበርን። ይህን የምንጽፈው በሥራችን ላይ ያሉ ሌሎች ወጣቶችም እንዲማሩበት፣ እናንተም ወላጆች ነገሩ ሳይጥማችሁ ሲቀር በትሕትና «እሺ» ብላችሁ ዝም እንዳትሉን ለመለመን ጭምር ነው። ንገሩን። አናፍርም፤ እንማራለን።

ጾሙ ካለፈ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ተነሣን። በዚህ ጊዜ ቀኑን የመረጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። አውቶቡሱ ሞልቶ ሰው በቆመ። እናቶች ከሌሊቱ ጀምሮ ሲያዘጋጁ አድረው ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ ፍርፍር፣ በፔርሙስ ቡና ይዘው መጡ። ከከተማው ስንወጣ በግራና በቀኝ የላኺሽ አካባቢ እርሻ ነው፤ የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ የወይን ቦታ፣ የጥጥ እርሻ። አባቶች በመስኮት እያዩ አፈሩን ያመሰግኑ ነበር። ከጎንደር ተራሮች ለመጣ ሰው ምድሩ እየተዘረጋ፣ እየወረደ፣ ሰማዩም እየሰፋ መሄዱ ይታወቀዋል።

ባሕሩ በታየ ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዲት እናት እልልታዋን አቀለጠችው። የጣና አካባቢ ሰዎች ነበሩና «ጣናም ባሕር ነው» ሲሉ የቆዩት፣ ማዶውን ፈልገው ሲያጡ ዝም አሉ። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው በበትራቸው እየተደገፉ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገቡ። ከውሃው በእጃቸው ዘግነው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይህን ሁሉ ውሃ ፈጥሮ ጨው ጨመረበት!» ብለው ሳቁ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢየሩሳሌም፣ መልሰው ጥቂት ጸለዩ። ልጆቹ ከጎናቸው ሲራጩ አላቋረጧቸውም፤ እሳቸውም ልጆቹን አልተቆጡም።

አንዳንድ እናቶች በወንዶች ፊት ወደ ውሃ መግባት አልፈለጉም። በአሽቀሎንም በአሽዶድም ወንዶችና ሴቶች ተለያይተው የሚታጠቡበት የባሕር ዳርቻ አለ፤ በዕብራይስጥ «ሆፍ ኒፍራድ» ይባላል። በቀጣዩ ጉዞ ወደዚያ ወሰድናቸው። በነጭ ቀሚሳቸው እንዳሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው ማዕበሉን ሲጠብቁ፣ ሲመታቸውም ሲሳሳቁ፣ ከመምጣታቸው ጀምሮ እንዲህ ሲስቁ አይተናቸው እንደማናውቅ ተገነዘብን።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ውሃ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ቤተ እሥራኤል መንደራቸውን ከወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። አርብ ከሰዓት በኋላ ከሰንበት በፊት በወንዝ መታጠብ፣ ከሕርስ የምትነሣ እናት መንጻት፣ ቄሶቹ ለበዓል ሲዘጋጁ ገላቸውን መታጠብ፣ ይህ ሁሉ በውሃ ነበር። ስለዚህ ወላጅ ለልጁ «እኛ ስለ ውሃ ምንም አናውቅም» ሊለው አይገባም። «እኛ ወንዙን እናውቃለን፤ ባሕሩን አብረን እንወቅ» ሊለው ይገባል።

በዚያ ቀን ከእኛ ጋር ከመጡት መካከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ የገቡ አንዲት ነባር እናት ነበሩ። ሌሎች ሲታጠቡ እሳቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠው ውሃውን ዝም ብለው ያዩት ነበር። አልገባም አሉ። ምክንያቱን በጠየቅናቸው ጊዜ «እኔ ባሕር ያየሁት በሌሊት ነው» ብለው ነገሩን።

ታሪኩ ዛሬ የታወቀ ነው፤ አዲስ ለመጣችሁ ግን እንንገራችሁ። በ1981 የእሥራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰዎች በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ ጣሊያናውያን ሠርተውት ተዘግቶ የቆየ የመዝናኛ መንደር ተከራዩ። የአውሮፓ ኩባንያ ነን ብለው ነበር። ቀን ቀን እውነተኛ ቱሪስቶች መጥተው ይዋኙበት፣ ከባሕር በታች ዓሣ ያዩበት ነበር። በአንዳንድ ሌሊት ግን እነዚያው አስተናጋጆች በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት በገዳሪፍ አካባቢ ካለው የስደተኞች ካምፕ ወገኖቻችንን በጭነት መኪና ደብቀው ወደ ባሕሩ ያመጡ ነበር። የባሕር ኃይል ሰዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው «ባት ጋሊም» ወደምትባል መርከብ ያደርሷቸዋል። በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ነገሩን ስለደረሱበት የባሕሩ መንገድ ቀርቶ በአውሮፕላን ተተካ፤ መንደሩ ግን እስከ 1985 ድረስ ሥራ ላይ ቆየ። እንግዲህ ባሕር ለአንዱ መዝናኛ ሲሆን በዚያው ቦታ፣ በዚያው አሸዋ፣ ለሌላው የነጻነት በር ሆኗል።

እናታችን በዚያ መንገድ ከመጡት አንዷ ናቸው። በሱዳን ካምፕ የቀረባቸው ሰው ስላለ ውሃውን ሲያዩ ያስታውሱታል። በጉዞና በካምፕ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ባለው መታሰቢያቸው ይታሰባሉ። ልጆቹ እናታችንን ከበው ሲያዳምጡ ጸጥ አሉ። ያ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም በመካከላቸው ነበር። በአውሮፕላን በጥቂት ሰዓት ለመጣ ልጅ፣ አያቶች በእግርና በጀልባ እንደመጡ መስማት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። እናታችን ወደ ማታ ላይ ተነሥተው እግራቸውን አስነክተዋል።

ባሕርና በዓልን አንድ ያደረግን እኛ ብቻ አይደለንም። በከተማችን አብረውን የሚኖሩትን የሞሮኮ ተወላጆች ተመልከቱ። ፋሲካ ሲወጣ ማታውን ሚሙና የተባለውን በዓል ያከብራሉ። በራቸውን ከፍተው ሙፍሌታ የተባለውን ስስ ቂጣ መሰል ምግብ በቅቤና በማር ለገባ ሁሉ ያቀርባሉ። በማግሥቱ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ሜዳና ወደ መናፈሻ ይወጣል። በሞሮኮ ሳሉ በባሕር አጠገብ የሚኖሩት ወደ ባሕር ወርደው እግራቸውን በውሃው ያስነኩ ነበር፤ የፋሲካ ሰባተኛ ቀን የቀይ ባሕር የተከፈለበት ቀን ነውና። ጎረቤታችሁ በዚያ ማታ በሩን ከፍቶ ብታዩት ግቡ፤ ያለ ጥሪ መግባት በዚያ ማታ ነውር አይደለም።

በብርሃን ሠረቀ፣ እዚህ ሮሽ ሃሻና በምንለው በዓል ደግሞ፣ ብዙ ሰው ወደ ውሃ ዳር ሄዶ ታሽሊኽ የተባለውን ጸሎት ያደርሳል። ነቢዩ ሚክያስ እግዚአብሔር ኃጢአትን ወደ ባሕር ጥልቅ እንደሚጥል የተናገረውን መሠረት ያደረገ ነው። በባሕር ዳር የሚኖሩት በእግራቸው ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። እኛ ከባሕር የራቅን ግን በበዓሉ ቀን በመኪና መሄድ ስለማይፈቀድ፣ በአቅራቢያችን ባለ ውሃ፣ ወይም በዓሉ ካለፈ በኋላ እስከ አስተሥርዮ ባሉት ቀናት ማድረስ ይቻላል።

አንድ ምሳሌ ደግሞ ከሩቅ አገር እንጨምር። ከጎንደር የመጣችሁ ሁሉ የፖርቱጋልን ስም ታውቃላችሁ፤ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ባያችሁ ቁጥር «የፖርቱጋሎች ሥራ ነው» ሲባል ሰምታችኋል። ፖርቱጋል የባሕር አገር ናት። ክርስቲያኖቿ በዓላቸውን ከባሕር ጋር ያከብራሉ። በሰኔ ወር በሊዝበንና በፖርቶ ከተሞች በቅዱሳን ቀን ሌሊቱን ሙሉ በየመንገዱ ሰርዲን ዓሣ ይጠበሳል፤ ይጨፈራል። በነሐሴ ወር ቪያና ዶ ካስቴሎ በምትባል ከተማ ዓሣ አጥማጆች የማርያምን ምስል በጀልባ አሳፍረው ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ መንገዱንም ቀለም በተቀባ ጨው አስጊጠው ያነጥፉታል። በዚሁ ወር በፈረንሳይና በሌላ አገር ለሥራ የተሰደዱ ፖርቱጋሎች ለዕረፍትና ለመንደራቸው በዓል ከነልጆቻቸው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ልጆቹ የአያቶቻቸውን ቋንቋ የሚሰሙት በዚያ ሰሞን ነው።

በዚችው አገር በ1497 አይሁድ ሁሉ በግድ ክርስቲያን እንዲሆኑ ተደረገ። ከ1536 ጀምሮ ደግሞ በስውር ኦሪትን የሚጠብቅ ሁሉ በሃይማኖት ፍርድ ቤት እየተያዘ ይቀጣ ነበር። ሆኖም ቤልሞንቴ በምትባል፣ ከባሕር በራቀች ተራራማ ከተማ አንዳንድ ቤተሰቦች እምነታቸውን በድብቅ ጠበቁ። መጽሐፍ አልነበራቸውም፤ ቄስም ረቢም አልነበራቸውም። ጸሎቱን ለልጅ ያስተላለፉት እናቶች ናቸው። በ1917 ሳሙኤል ሽዋርጽ የተባለ አይሁዳዊ መሐንዲስ ወደዚያ መጥቶ አገኛቸው፤ ያየውንም በ1925 በመጽሐፍ አወጣው። ከጻፋቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነው፦ በፋሲካ ጊዜ ቤተሰቡ ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ ሙሴ ባሕሩን እንደመታ እነሱም ውሃውን በወይራ ቅርንጫፍ ይመቱታል። ባሕር ስላልነበራቸው ወንዙን ባሕር አደረጉት። ዛሬ ቤልሞንቴ ከ1996 ጀምሮ የተከፈተ የራሷ ምኩራብ አላት።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እኛም በተራራ ላይ፣ ከሌላው እሥራኤል ተለይተን፣ ኢየሩሳሌምን ሳናይ ኢየሩሳሌምን ጠብቀናል። ከቤልሞንቴ እናቶች የምንማረው በዓል የሚተላለፈው በትምህርት ቤት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ልጅን እጁን ይዞ ወደ ወንዙ በመውሰድ ይተላለፋል።

ይህም ወደ ሰግድ በዓላችን ያደርሰናል። ሰግድ ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን፣ በሄሽቫን 29 ይውላል። በአገራችን በአምቦበርና በሌሎችም ቦታዎች ሕዝቡ ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ጾሞ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ አንዳንዱም ድንጋይ ይሸከም ነበር። ቄሶቹ ኦሪትን ይዘው ይወጣሉ፤ በግዕዝ ያነባሉ፤ በሚሰማ ቋንቋ ይተረጉማሉ። ወደ ኢየሩሳሌም ይሰገዳል። ከሰዓት በኋላ በመዝሙርና በከበሮ ወርደው ጾም ይፈታሉ። ክኔሴት በ2008 ባወጣው ሕግ ሰግድ የአገሪቱ በዓል ሆኗል። ዛሬ በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ በተባለው ከፍታ፣ የቤተ መቅደሱን ተራራ ፊት ለፊት እያየን እናከብረዋለን።

ያ ልጅ ግን ሰግድ ሲደርስ አልሄድም ብሎ ነበር። «ፀሐይ ላይ መቆም ነው፤ የሚሉትም አይገባኝም» አለ። እናቱ ሊቆጡት ሲሉ አያቱ ከለከሏቸው። «አንተ ልጅ፣» አሉት፣ «እኔ ወደ ባሕርህ ወርጄ ጨው ቀምሻለሁ። አንተ ወደ ተራራዬ አትወጣምን?» ልጁ መልስ አጣ። በቀኑ ከኪርያት ጋት በተነሣው አውቶቡስ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ አየነው።

በአርሞን ሃናጺቭ የአያቱን ጥላ ይዞላቸው ቆመ። መሃል ላይ ስልኩን አውጥቶ መጫወቱን አልደበቅናችሁም፤ ልጅ ነው። ወደ መጨረሻው ግን «አባባ፣ ቄሱ አሁን ምን አሉ?» ሲል ሰማነው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ «ግዕዙን ሁሉ እኔም አልሰማውም፤ አባቴ በቆመበት እቆማለሁ።» ልጁ ይህን ሲሰማ ምን እንዳሰበ አናውቅም። ስልኩን ግን ወደ ኪሱ መልሶት ነበር።

ውድ ወላጆች፣ እኛ ከዚህ የተረዳነው ልጁ ባሕሩን ሲመርጥ፣ ወላጁ ተራራውን ሲይዝ፣ ቤት ለሁለት መከፈል እንደሌለበት ነው። አንዱ ወደ ሌላው መሄድ አለበት። መጀመሪያ መሄድ ያለበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትልቁ ነው።

ወደ ባሕር ለምትሄዱ ሁሉ የሚከተለውን እንድትጠብቁ አደራ እንላለን።

1ኛ/ ጠባቂ ባለበት ቦታ፣ ጠባቂው ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ብቻ ግቡ። ጠባቂው በዕብራይስጥ «ማጺል» ይባላል። የሥራው ወራት ከፀደይ እስከ በልግ ሲሆን ሰዓቱ በሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ማጺል ከሄደ በኋላ ውሃው ያው ይመስላል፤ አደጋው ግን ያኔ ነው።

2ኛ/ ባንዲራውን ተመልከቱ። ነጭ ከሆነ መግባት ይቻላል። ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው። ጥቁር ከሆነ ፈጽሞ ክልክል ነው። ይህን ከቤት ሳትወጡ ለልጆቻችሁ አስረዱ፤ ማንበብ አያስፈልገውም።

3ኛ/ በወንዝ ዋና የሚችል ሰው በባሕር ይችላል ማለት አይደለም። የሚጎትት ጅረት ከያዘ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት መታገል ያደክማል። ወደ ጎን፣ በዳርቻው ትይዩ እየዋኙ ከጅረቱ መውጣት፣ እጅንም አውጥቶ ለእርዳታ መጥራት ይገባል።

4ኛ/ ሕፃናትን ለታላላቅ ልጆች ብቻ አትተዉ። አንድ ትልቅ ሰው ዓይኑን ከእነሱ ሳያነሣ ይቀመጥ፤ እየተፈራረቁ መጠበቅ ይቻላል።

5ኛ/ በበጋ መሃል ሜዱሳ የተባለች ለስላሳ የባሕር ፍጥረት ትመጣለች፤ ስትነካ ታቃጥላለች። ቦታውን በባሕሩ ውሃ አጥቡት እንጂ በአሸዋ አትሹት።

6ኛ/ ውሃና ኮፍያ ያዙ፤ ከቀትር ፀሐይ ተጠለሉ። ጉዞ ሳትጀምሩ የአገር ውስጥ ግንባር አዛዥ መሥሪያ ቤት፣ «ፒኩድ ሃኦሬፍ» የሚባለው፣ የሚሰጠውን ማስታወቂያ ስሙ፤ ስትደርሱም ቅርቡ መጠለያ የት እንደሆነ ጠይቁ። አደጋ ከደረሰ ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

7ኛ/ ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ። ይህን ሰባተኛውን እኛ በስሕተታችን ነው የተማርነው።

ሽማግሌው አባታችን አሁን በሳምንት አንድ ቀን ስለ ባሕሩ ይጠይቁናል። የሚቀጥለውን ጉዞ ቀን አስቀድመው ቆርጠውልናል። ልጁም በዚህ ክረምት የዋና ትምህርት እንዲማር እናቱ ራሳቸው ሄደው አስመዝግበውታል። ቅጹን በዕብራይስጥ የሞላው እሱ ነው፤ የፈረሙት ግን እናቱ ናቸው።

መጪዎቹን በዓላት ከነቤተሰባችሁ በሰላም ያድርስልን። ከጌት እስከ አስቀሎና በሚወስደው መንገድ ላይ ወላጅና ልጅ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው ያገናኘን።